ጫማ የሚያወልቀው ሚግ

ዘመን የጆይስቲኩን አንገት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየፋቀ ነበር። የእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ካርቶን አንጥፎ፣ ብሎኖቹን ስኒ ማስቀመጫ ላይ እንደየመጠናቸው ደርድሯል። አቧራ ሲገባበት ዘንጉ ወደ ግራ ይስባል፤ ከሳበ ደግሞ ጥፋቱ የአውሮፕላኑ ይሁን የአቧራው ለመለየት ያስቸግራል። ዘመን አውሮፕላኑን ባላጠፋው መክሰስ አይወድም። ያጠፋው ራሱ ሞልቶ ተርፎታል።

አውሮፕላኑ ሚግ 23 ነው፤ የኮምፒውተር ሚግ። ባሕር ማዶ ያሉ ጥቂት ሰዎች ተሰባስበው በሠሩት የጦር አውሮፕላን ማብረሪያ ውስጥ ይገኛል። ሰዎቹ “ጨዋታ” ሲባልባቸው ይከፋቸዋል፤ “ሲሙሌተር” ነው የሚሉት። “ቁርጥ እውነተኛውን” እያሉ ያስተዋውቁታል። የገዙትም ሰዎች በኢንተርኔት መወያያው ላይ “ቁርጥ እውነተኛውን” እያሉ ያስተጋቡላቸዋል፤ ከእነዚህ መካከል እውነተኛውን ሚግ በዓይኑ ያየ አንድ እንኳ ስለመኖሩ ዘመን ይጠራጠራል።

ቁርጥ ምኑን? የነዳጅ መለኪያው ታንኩ ከደረቀ በኋላም ግማሽ ላይ ተገትሮ ይቀራል። አውሮፕላኑ ተገልብጦ ሲበር የአብራሪው ጉልበት በወንበሩ ጀርባ ሰንጥቆ ይወጣል። ቦምብ ሲሸከምም ሳይሸከምም እኩል ይፈናጠራል፤ ብረት ሳይሆን ጥጥ የታሰረበት ይመስል። ከሁሉም የሚያበሽቀው አየሩ ነው። የላስታ አየር ስስ ነው፤ ከሙጃ እህል ጭና የመጣች በቅሎ እንኳ ዳገቱ መሐል ቆማ ትንፋሿን ትሰበስባለች። የእነሱ ሚግ ግን ያንን ዳገት ባሕር ዳርቻ ላይ እንዳለ ሁሉ ሳያስነጥስ ይወጣዋል።

ዘመን ይህን ሁሉ እየለቀመ ይጽፍላቸዋል። አስጎብኚ ነው፤ ነበር ማለት ይቀላል። መንገዱ አስተማማኝ መሆኑ ከቀረ ወዲህ እንግዳ የሚመጣው ለገናና ለጥምቀት ነው፤ እሱም በአውሮፕላን፣ እሱም ጥቂት። የቀረውን ጊዜ የእትዬ አሰለችን ሆቴል ይጠብቃል። እሳቸው ደግሞ አንዲት ክፍል፣ ምሳና ኢንተርኔት ይሰጡታል። እንግዳ በሌለበት ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ማለት ሰፊ ጠረጴዛ ማለት ነው፤ ላፕቶፑንም ጆይስቲኩንም እዚያው ተክሏቸዋል።

ሰዎቹ የላስታን ተራሮች ወደ ሲሙሌተሩ እያስገቡ መሆናቸውን የሰማው ባለፈው ክረምት ነው። በበጎ ፈቃድ ለመፈተሽ “አሸተን” በሚል፣ ከላሊበላ በላይ ባለው ተራራ ስም ተመዘገበ፤ እውነተኛ ስሙን የጠየቀው የለም። በመጀመሪያው ሥራቸው ቤተ ጊዮርጊስን ሜዳ ላይ እንደ ውኃ ታንከር አቁመውት አገኘ። “ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ታች ተፈልፍሎ የተሠራ ነው” ሲል ጻፈላቸው፤ “እናንተ ነቅላችሁ አቁማችሁታል። መልሳችሁ ትከሉት።” የቡድኑ ኃላፊ የሆነችው ሴት ይህን ስታነብ እንደሳቀች ነገረችው። ከዚያ ወዲህ የእሱን ሪፖርት ከማንም ሰው አስቀድማ ታነባለች። በዚህ ሳምንት ደግሞ አንድ ነገር ጻፈችለት፤ ለላስታ ካርታና ለሚጉ አንድ ቋሚ አራሚ በደመወዝ ልትቀጥር ነው፣ ያሰበችውም እሱን ነው። በመላው ላሊበላ አስጎብኚው ሁሉ ባጃጅ ተራ ላይ ቆሞ በሚያዛጋበት ጊዜ ዘመን ሥራ ሊያገኝ ነው፤ ያውም ሰው በማንጓጠጥ።

ብሎኖቹን መልሶ አሰረ፣ ጆይስቲኩን ሰካ፣ አዲሱን እትም ከፈተ። ከኋላው ሦስት አጃቢ ሚጎች አስከትሎ ተነሳ። አጃቢዎቹን የሚያበራቸው ኮምፒውተሩ ነው።

እትዬ አሰለች የቁልፍ ዘለላቸውን እያንሿሹ መጥተው ከጀርባው ቆሙ።

“ዛሬስ ማንን ልትደበድብ ነው?”

“ማንንም እትዬ። ለፍተሻ ነው።”

“ጠላት የለም?”

“የለም።”

“ጠላት ሳይኖር ይህን ሁሉ ነዳጅ ታቃጥላለህ? እኔ ለጄኔሬተሩ አጥቼ!”

ዘመን መልስ ሊሰጣቸው ሲል ሚጎቹ ላሊበላ ላይ ደረሱ። ያን ጊዜ ሦስቱ አጃቢዎች ማንም ሳያዛቸው፣ በአንድ ላይ፣ ወደ ኋላ ታጥፎ የነበረውን ክንፋቸውን ዘረጉ። የሞተራቸው ድምፅ ዝቅ አለ። ቀጥሎ ጎማቸውን አወረዱ። በቤተ ጊዮርጊስ አናት ላይ እንዲህ ተንሳፍፈው አለፉና መውረድ ጀመሩ፤ ፊት ለፊታቸው አሸተን አለ፤ ጉልበት የላቸውም። ተራ በተራ ገደሉ ላይ ተለጠፉ።

“ማርያም ድረሽ!” አሉ እትዬ አሰለች አፋቸውን ይዘው። ወዲያው ሣቃቸው አመለጣቸው። “ጎማ ያወጡት ለማረፍ ነው እንዴ? የት ሊያርፉ? እኔ ሆቴል?”

“ቢያርፉማ እንግዳ አገኘን ነበር።”

“አልጋ ሞልቷል በላቸው፤ ቁርስም አለ።”

ዘመን ግን አልሳቀም። እንደገና ሞከረው፤ በሌላ ከፍታ፣ በሌላ አቅጣጫ። ሚጎቹ በሙጃ በኩል ሲመጡ ደህና ናቸው፤ በየትኛውም ተራራ ላይ ደህና ናቸው። ላሊበላ ላይ ሲደርሱ ብቻ ይህን ይሠራሉ፤ ከዚያ ይከሰከሳሉ። ጆይስቲኩን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ጣቶቹን አፍተለተለና መጻፍ ጀመረ።

“አጃቢዎቹ ላሊበላ ላይ ሲደርሱ ያለ ምንም ምክንያት ጉልበት ይቀንሳሉ፣ ጎማ ያወርዳሉ፣ ተራራ ይገጫሉ። ይህን የሠራ ሰው አውሮፕላን አይቶ አያውቅም አልልም። ዶሮ አይቶ አያውቅም። ዶሮ እንኳ ገደል ስታይ ክንፏን ታራግባለች እንጂ እግሯን አንጠልጥላ አትጠብቅም። ሰውዬው ይፈለግና በምንም ዓይነት የሚበር ነገር አጠገብ እንዳይደርስ ይደረግ።”

አነበበው። “በምንም ዓይነት” የሚለውን አጠፋና መልሶ ጻፈው። ላከው። ደስ አለው፤ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሲወጣለት ቀኑን ሙሉ ምግብ ይጣፍጠዋል።

መልሱ በማግስቱ ጠዋት መጣ።

“ውድ አሸተን፣” ይላል የኃላፊዋ ጽሑፍ፤ “የዶሮዋን ነገር ለሁሉም አንብቤላቸው ሆዳችን እስኪያመን ሳቅን። ነገር ግን ስህተት አይደለም፤ አስበን ያደረግነው ነው። በደርግ ጊዜ የነበሩ አብራሪዎች በቤተ ክርስቲያኖቹ ላይ ሲያልፉ ለክብር እንዲህ ያደርጉ እንደነበር አንድ የአገሬው አስጎብኚ ተናግሯል። ተጫዋቾቻችን ከመላው ሲሙሌተር አብልጠው የወደዱት ይህንን ነው። ገደሉን እንዳይመቱ ከፍ አድርገን እናሳልፋቸዋለን፤ እሱ ቀላል ነው። ችግሩ ማስረጃችን አንድ ጎብኚ የለጠፈው ቪዲዮ ብቻ መሆኑ ነው። አንተ እዚያው ነህና አስጎብኚውን ፈልገህ አጣራልን። እውነት ነው ካልክ ይቆያል፣ አይደለም ካልክ ይወጣል። የቋሚ ሥራህ መጀመሪያ ይሁን።” ከሥሩ የቪዲዮው አድራሻ ነበር።

ዘመን ገና ሳይከፍተው ማን ሊሆን እንደሚችል በልቡ ይለቃቅም ጀመር። የዋሻዎቹን ርዝመት በየዓመቱ የሚያስረዝመው አዳም ይሆናል። ወይም ያ ለፈረንጆች ወንጌሉን ሁሉ የግእዝ እያስመሰለ በራሱ ቋንቋ የሚያነበንበው። ከአስጎብኚዎች ሁሉ ውሸታሙ ማን እንደሆነ ለመምረጥ ሰዓት ይወስዳል፤ እሱም ደስ እያለው መረጠ። ከዚያ ቪዲዮውን ከፈተው።

ካሜራው ተራራ ነው የሚያሳየው። የአሸተን መንገድ፣ ከመጨረሻው ዳገት በፊት እንግዶች የሚያርፉበት ቦታ። ሰው አይታይም፤ ወደ ሰማይ የተቀሰረ አንድ ጣት ብቻ ይታያል። ድምፁ እንዲህ ይላል፦

“አብራሪዎቹ እዚህ ሲደርሱ የሞተሩን ድምፅ ዝቅ ያደርጋሉ። ክንፋቸውን ይዘረጋሉ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ እንደምናወልቀው ማለት ነው።”

አንዲት ሴት “ኦ!” ትላለች፤ እንባ የተቀላቀለበት “ኦ!”

“ጎማም ያወርዳሉ” ይላል ድምፁ።

ዘመን ቪዲዮውን አቆመ። ጣቱን አየ፤ በጥፍሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ አየ። የራሱን እጅ ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ አስተያየ፤ ማስተያየት ባያስፈልግም። የገዛ ድምፁን አውቆታል።

ባለፈው ገና ነው። ጢማም ሽማግሌና ሚስቱ። ሽማግሌው “በዚያ በጦርነቱ ጊዜ የጦር አውሮፕላኖች እዚህ ያልፉ ነበር?” ብሎ ጠየቀ፤ “አዎ” አለው። “ታዲያ ለቤተ ክርስቲያኖቹ አይጠነቀቁም ነበር?” አለ። ዘመን ያን ጊዜ አልተወለደም፤ ስለዚህ ጉዳይ የሚያውቀው ምንም ነገር አልነበረም። አፉን ከፈተና ወጣለት። ሲወጣ ደግሞ አማረ። ሴትዮዋ “ኦ” ስትል ጎማውን ጨመረላት። ሚግ ክንፉን እንደሚዘረጋና እንደሚሰበስብ እንኳ ያወቀው ከዚሁ ከሲሙሌተሩ ነው። ከእነሱ ወስዶ፣ ዋሽቶበት፣ መልሶ ለእነሱ ሸጦላቸዋል። እነሱም ቁርጥ እውነተኛውን ብለው ተቀብለውታል።

ዶሮ አይቶ አያውቅም! በዚህ ሁሉ ከፍታ፣ በዚህ ስስ አየር፣ ጎማ አንጠልጥሎ ጉልበት መቀነስ!

ላፕቶፑን ዘግቶ ወጣ። ጋሽ ደግሰውን ትኬት ከሚቆረጥበት ግቢ ፊት ለፊት፣ ግንቡ ጥላ ሥር አገኛቸው። ሥራውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ከእንግዳ ሁሉ የተሰጣቸውን ባርኔጣ በተራ ነው የሚያደርጉት፤ ዛሬ የጣሊያኖቹ ተራ ነበር።

“ጋሽ ደግሰው እንደምን አደሩ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በደርግ ጊዜ ሚጎች እዚህ ሲያልፉ ጎማ ያወርዱ ነበር?”

“እንዴታ!” አሉ ጋሽ ደግሰው ቀና እንኳ ሳይሉ። “ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክብር ነዋ።”

ዘመን ቀረብ አለ። “አይተዋል?”

“እኔ? እኔ ያን ጊዜ ወልድያ ነበርኩ። አንተ አይደለህ እንዴ ያወራኸው? ወድጄልህ እኮ ነው የወሰድኩት። ይህችን ባርኔጣ ለሰጡኝ ጣሊያኖች ብነግራቸው አንደኛዋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አነባች።”

“ጋሽ ደግሰው!”

“ምነው? ሁሉም ነው የሚያወራው። አዳምማ ‘ሦስት ጊዜ ዞረው ነበር የሚያልፉት’ የሚል ጨምሮበታል። ትንሽ አበዛው፤ ግን ያምራል።”

“ውሸት እኮ ነው! ከራሴ ነው ያወጣሁት።”

“ውሸት አትበል። መልስ ነው።” ጋሽ ደግሰው ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው አዩት። “ሰው ባሕር አቋርጦ፣ ጉልበቱን እያመመው እዚህ ዳገት ላይ ወጥቶ ሲጠይቅህ ‘አላውቅም’ ልትለው ነው? ምን ብዬ ነው ያስተማርኩህ? የአስጎብኚ አፍ ባዶ አይገኝም። የማታውቀውን ቀስ ብለህ ነው የምትናገረው፤ ዓይንህን ወደ ሩቅ ጥለህ። አንተ ደግሞ ተክነህበት ነበር።”

ዘመን ስለ ሥራው ነገራቸው። ስለ ቋሚው ቅጥር፣ ስለ ማጣራቱ፣ ኃላፊዋ ውሳኔውን ለእሱ ስለ መተዋ። ጋሽ ደግሰው በጥሞና ሰሙት።

“ታዲያ ምን ቸገረህ? ጻፍላታ! ‘አስጎብኚውን አገኘሁት’ በላት። አላገኘኸውም? ‘ደህና ሰው ነው’ በላት። ደህና ሰው አይደለህም? ‘ሌሎችም አስጎብኚዎች አረጋግጠዋል’ በላት። እኔ አለሁ፣ አዳም አለ። ከፈለግህ ሦስቱን ዙር አስወጣው።”

“አውሮፕላን እንዲህ አይበርም ጋሽ ደግሰው።”

“የኮምፒውተር አውሮፕላን ነው! ሰው የሚበላው አጥቶ አንተ ለሌለ ጎማ ታለቅሳለህ? ውሸት እንዳይሆንብህ የፈራህ እንደሆነ ደግሞ ልንገርህ፤ ሆኖም ይሆናል። ማን ያውቃል? አንድ የሰንበቴ ልጅ የሆነ አብራሪ፣ እናቱ ለላሊበላ የተሳለች፣ አንድ ቀን አድርጎትም ይሆናል።”

ዘመን አመስግኖ ሄደ። ሲሄድ ሁሉንም ናቃቸው፤ ባርኔጣውን፣ የጣሊያኗን እንባ፣ የአዳምን ሦስት ዙር። ነገር ግን የጋሽ ደግሰው የመጨረሻ ቃል እንደ ድርቆሽ ሸሚዙ ላይ ተጣብቆ አብሮት ሄደ። ሆኖም ይሆናል። አንድ ያየ ሰው ቢገኝ፣ አንድ ብቻ፣ ውሸቱ ውሸት መሆኑ ይቀራል። ሥራውም ይገኛል፣ ዶሮ ያላየውም ሰው ሌላ ይሆናል። ይህ ተስፋ መናኛ መሆኑን ያውቃል። እያወቀ የአሸተንን መንገድ ያዘ።

እማማ የሻረግ ቤታቸው ከአሸተን ገዳም ዝቅ ብሎ፣ መንገዱ ዳር ነው። ለመንገደኛ ድንች ቀቅለው ይሸጣሉ፤ ዘመን እንግዶች ይዞ ሲወጣ እሳቸው ጋ ያሳርፋቸዋል። በደርግ ጊዜ ልጃገረድ ነበሩ፤ ይህን ደጋ ለቀውም አያውቁም። ሲደርስ የማሳቸውን ካብ እየጠገኑ ነበር። ዝናቡ አንዱን ጎን ንዶባቸው ድንጋዩ እስከ ገብሱ ድረስ ተንከባሏል።

“እማማ፣ እንደምን ዋሉ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። ፈረንጆችህስ?”

“የሉም።”

“ፈረንጅ ሳይኖር ዳገት የወጣኸው ምን ነክቶህ ነው? ና እስቲ፣ ያቺን ጠፍጣፋዋን አቀብለኝ።”

አቀበላቸው። ሌላም አቀበላቸው። ድንጋዩን እያገላበጡ ፊቱን ይመርጡለታል፤ ካልተስማማቸው ወደ እግራቸው ሥር ይጥሉታል።

“እማማ፣ በደርግ ጊዜ የጦር አውሮፕላን በዚህ ያልፍ ነበር አይደል?”

“ያልፍ ነበር።”

“ሲያልፍ እንዴት ነበር? ማለቴ፣ ላሊበላ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር?”

“ምን?”

“ጎማውንስ ያወርድ ነበር? እግሩን። ለክብር።”

እማማ የሻረግ የያዙትን ድንጋይ አስቀመጡት። ትክ ብለው አዩት፤ ሰው እንዲህ ሲያዩ ከዚህ በፊት ያያቸው አንድ ፈረንጅ ስለ አህያቸው “ስሟ ማን ነው?” ብሎ የጠየቃቸው ቀን ነው።

“አንተ ልጅ” አሉ፤ “እኔ ቦይ ውስጥ በደረቴ ተኝቼ፣ አፌ አፈር ሞልቶ፣ ታናሽ እህቴን ከሥሬ አድርጌ፣ ጎማ ልቁጠርልህ?”

ዘመን አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሳ።

“ክብር!” አሉ። “ማን ቀና ብሎ አየና? ቀና ያለ ይታያል ይሉን ነበር፤ ፊታችንን መሬት ውስጥ ነበር የምንቀብረው። እኔ የማውቀው ከሆዴ ሥር መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ነው። ድምፁን ይቀንስ አይቀንስ በምን ልወቅ፤ ጆሮዬ ተደፍኖ ስንት ቀን ሰው ሲያናግረኝ አልሰማም ነበር። ማን ነው ይህን ያለህ?”

“አንድ አስጎብኚ ነው።”

“የየት አገር ሰው ነው?”

“የዚሁ ነው፤ የላሊበላ።”

“የላሊበላ! እናት የለችውም? ዘመድ፣ ጎረቤት የለውም? ለፈረንጅ ከመቀባጠሩ በፊት ደጁ ላይ ያለውን ሽማግሌ ቢጠይቅ ምላሱ ትቆረጥ ነበር?” ድንጋዩን መልሰው አነሱና ካቡ ላይ ጣል አደረጉት። “ብታገኘው ወደ እኔ ላከው። ወሬ ከሚፈልግ ድንጋይ ይልቀምልኝ።”

ዘመን “አገኘዋለሁ” አለ። ጎንበስ ብሎ ከገብሱ ውስጥ የተንከባለለውን ድንጋይ ይለቅም ጀመር። እማማ የሻረግ ስለ ሌላ ነገር አወሩ፤ ስለ ዝናቡ፣ ሙጃ ስላለችው ልጃቸው፣ ስለ በግ ዋጋ። የተናደው ጎን እስኪዘጋ ድረስ አቀበላቸው። ሲሰናበቱ በቅጠል የተጠቀለለ ድንች ሰጡት፤ መውሰድ አሳፍሮት ነበር፣ ግን እንቢ ማለትም አሳፈረው።

ሆቴል ሲደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። እጁን ታጥቦ፣ ላፕቶፑን ከፍቶ ተቀመጠ። መጀመሪያ “ይቅርታ እጠይቃለሁ” ብሎ ጻፈ። አጠፋው። የስህተት ሪፖርት ላይ ይቅርታ የሚጽፉትን ሰዎች አይወዳቸውም፤ ነዳጅ መለኪያው ይቅርታ ቢጠይቅ አይስተካከልም። ቀጥሎ “በወቅቱ በነበረው ሁኔታ” ብሎ ጀመረ። ይህንንም አጠፋው፤ ይህኛው የባሰ ነበር። ሦስተኛው ላይ እንደ ወትሮው ጻፈ።

“ስለ አጃቢዎቹ ጎማ። አስጎብኚውን አገኘሁት፤ ስሙ ዘመን ይባላል፣ በእናንተ ዘንድ አሸተን የሚባለው እሱ ነው። የተናገረው ሁሉ የፈጠራ ነው። ስህተቱን በድጋሚ ማየት የሚፈልግ ይህን ሰው የማያውቀውን ነገር ይጠይቀው፤ ወዲያው ይመልስለታል። ‘ኦ’ ካለው ደግሞ ይጨምርለታል። ጉድለቱ በሌሎች አስጎብኚዎችም ላይ ታይቷል፤ ከእሱ ነው የተጋባባቸው። ከሥር የነበሩ ሴት ጠይቄያለሁ። በደረታቸው ተኝተው ስለነበር አውሮፕላኑን አላዩም፤ ከሥራቸው መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ብቻ ያውቃሉ። ስለዚህ ጎማው ይሰብሰብ። ጉልበት አይቀነስ። ድምፁ ሙሉ ይሁን።”

እንደገና አነበበው። የሚጨመር አላገኘም፤ የሚቀነስም አላገኘም። በዚህ ዓመት ከጻፋቸው ሁሉ የተሻለው መሆኑን ሲያውቅ ተናደደ። ላከው።

መልሱ ጥቂት ቀን ቆየ። ሲመጣ “ሐቀኝነትህን ከልብ እናደንቃለን” በሚል ጀመረ። ዘመን እንዲህ የሚጀምር ደብዳቤ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃልና የቀረውን ቆሞ ነው ያነበበው። የቋሚ አራሚነቱን ሥራ ለሌላ ሰው ሰጥተዋል። ሰውዬው ኢትዮጵያን አይቶ አያውቅም፤ ነገር ግን ስለ ሚግ ብዙ አንብቧል፣ በጣምም ይጠነቀቃል። ጎማው ወጥቷል። አሸተን በበጎ ፈቃድ መቀጠል ከፈለገ ደስ ይላቸዋል፤ የመጨረሻውን እርማት እሱ ቢፈትሽላቸው በተለይ ደስ ይላቸዋል። በመወያያው ላይ ተጫዋቾቹ ከወዲሁ ማጉረምረም ጀምረዋል። “ነፍሱን አወጣችሁት” ብሎ ጽፏል አንዱ። ሌላው “ያ ነበር እውነተኛ የሚያደርገው” ብሏል። ዘመን ይህንን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከንፈሩ ወደ ጎን ሄደ፣ እዚያው ቀረ።

ፍተሻውን ግን አልተወውም። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ ተነሳ፤ ሦስቱ አጃቢዎች ተከተሉት። በአየር ማረፊያው በኩል አድርጎ ወደ ላሊበላ መራቸው። የድምፁን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው ከፍቶት ነበር፤ የቁልፍ ሰሌዳው መንቀጥቀጥ ሲጀምር እትዬ አሰለች ከጓዳ ወጡ።

“ኧረ ጆሮዬን! ምንድን ነው?”

“እያለፉ ነው።”

ሚጎቹ ክንፋቸውን እንደሰበሰቡ በቤተ ጊዮርጊስ ላይ አለፉ። አንዳቸውም ድምፅ አልቀነሱም፣ አንዳቸውም ጎማ አላወረዱም። አሸተንን በላዩ ተሻግረው ወደ ሰማዩ ገቡ።

“ዛሬ አልወደቁም?” አሉ እትዬ አሰለች።

“አልወደቁም።”

“እንዲያ ሲያደርጉ ግን ያምሩ ነበር” አሉ። “እግራቸውን ሲዘረጉ።” ቁልፋቸውን እያንሿሹ ወደ ጓዳ ተመለሱ።

ዘመን በሌላ ከፍታ ደገመው። በሌላ አቅጣጫም ደገመው። ከዚያ ከሪፖርቱ ሥር “ታርሟል” ብሎ ጻፈና ዘጋው። የጆይስቲኩን ገመድ ነቅሎ ጠቀለለው፣ ላፕቶፑን ከደነው፣ ሁለቱንም የእንግዳ መዝገቡ ካለበት መሳቢያ ውስጥ አስገብቶ መሳቢያውን ገፋው።